ስለ ዓሣ ነባሪ የተጠራች ወላጅ

ነይ እስቲ አስክዬ፣ ነይ እዚህ ጋ ቁጭ በይ። የአግዳሚው ጫፍ ይወዛወዛል፣ ወደኔ ጠጋ በይ። ኸረ ጠጋ በይ፣ አልበላሽም! መቼ ገባሽ ከማጀቴ፣ ከአራስ ጥየቃው? ዛሬ ጠዋት? እንኳን ደህና መጣሽ። አራሷ እንዴት ናት? ልጁስ? ማሻአላህ... ማሻአላህ። ማንን መሰለ? አባቱን? ይሁን፣ ግዴለም፣ ሲያድግ ይስተካከላል።

ሙቀቱን ግን አየሽው? ሰኔም ገብቶ እንዲህ! ዛሬ ደግሞ መብራት የለም፤ ለዚህ ነው የቢሮው በር ወለል ብሎ የተከፈተው። ቬንትሌተሩ ቆሟል። ውስጥ ያሉትም ሰው ናቸው፣ ነፍስ አላቸው፣ አየር ያስፈልጋቸዋል... ምን አልሽ? ቀስ ብዬ ላውራ? ለምን ሲባል? ምን ክፉ ነገር ልናገር ነው? እኔ ዓይሻ፣ ሽንኩርት ሻጯ፣ ባለሥልጣን የማማ ሰው ነኝ? በሞትኩት! እንዲያውም ሳመሰግን ቢሰሙኝ ደስ ይለኛል። ሰው ምነው ሲሞት ብቻ ይመሰገናል? በቁሙም ይስማው እንጂ።

አንቺ ለመታወቂያ ነው የመጣሽው? እሱ ይደርሳል፣ ተያቸው፣ አይቸኩሉ። እኔማ ተጠርቼ ነው። "ወላጅ ትቅረብ" ተብዬ። አዎ፣ በሲሃም። በሌላ በማን? ያቺ ዝንብ እሽ የማትለዋ ልጄ ከትምህርት ቤት ታግዳለች እኮ! ከዚህ ቀበሌ ቢሮ የፈቃድ ወረቀት ካልመጣ ክፍል እንዳትገባ ተብላ፣ ቤት ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደግሞ ሰኞ ነው። ዛሬ ዓርብ፣ አስክዬ። ዛሬ ካልፈቀዱላት ዓመቱን ሙሉ የለፋችውን ውሃ በላው ማለት ነው። ሌሊት እየተነሳች እኮ ነው የምታጠናው። ዓይኗን ብታዪው ሆድሽ ይባባል፤ እዚህ ስስቅ አትዪኝ።

ጥፋቷን አትጠይቂኝም? ጠይቂኛ!

ስለ ዓሣ ነባሪ ጻፈች።

አትሳቂ! አዎ፣ ዓሣ ነባሪ። ያ ባሕር ውስጥ የሚኖረው ትልቁ ፍጥረት። እኛ የሮቢን ወንዝ እንጂ ባሕር በዓይናችን አይተን አናውቅም፣ ልጄ ግን ስለሱ ጽፋ ታገደች። ቆይ ከመጀመሪያው ልንገርሽ፣ አንቺ አገር አልነበርሽም፤ ኃላፊው እንደሆኑ ገና ፊርማ ላይ ናቸው፣ ጊዜ አለን።

አንቺ ማጀቴ እንደሄድሽ ነው። መምህር ፍፁም የለም? ያ ከደብረ ብርሃን የመጣው፣ ፀሐዩ አፍንጫውን የላጠው ልጅ። ለክፍሉ የቤት ሥራ ሰጠ። ለአካባቢያችሁ ኃላፊ የማሳመኛ ደብዳቤ ጻፉ፣ ርዕሱ የዓለም ችግር ይሁን፣ ጽፋችሁ ስትጨርሱ ቢሮው ድረስ ይገባል፣ አላቸው። ደግሞ ጣቱን ቀስሮ አስጠነቀቃቸው፣ አደራ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ቧንቧው፣ ስለ መብራቱ እንዳትጽፉብኝ፣ የተባለው ዓለም ነው፣ ዓለም! ብሎ። ልጁ ጠንቃቃ ነው፣ ደመወዙን ይወዳል፤ ማን ይፈርድበታል? ልጆቹም ዓለምን ተከፋፈሏት። አንዱ በረዶ ወሰደ፣ አንዷ ደን ወሰደች። ያንቺው ሚኪያስ ወፍ ደረሰው።

እንዴ፣ አልነገረሽም? ስለ ፔንግዊን ነው የጻፈው። ማነው እሱ አትበይኝ፣ እኔም አላውቀውም ነበር። በበረዶ አገር የሚኖር ወፍ ነው አሉ። የሚኪያስ ደብዳቤ እንዲህ ነው የሚለው፣ ልጆቹ እየተቀባበሉ ሲያነቡት በቃሌ ያዝኩት፦ "ክቡር ሆይ፣ ፔንግዊን ክንፍ አለው፣ ግን አይበርም። ጥቁር ኮት የለበሰ ይመስላል። ሆዱ ገፋ ብሎ ነጭ ነው። ሲራመድ ወዲያና ወዲህ ይላል። አገሩ እየሞቀበት ተቸግሯልና ይታሰብለት።" በቃ፣ ይኸው ነው። ምን ክፉ ወጣው? የሚያሳዝን ወፍ ነው።

እንግዲህ አንድ የማከብራቸው ትልቅ ሰው አሉ... ስም አልጠራም። ስም መጥራት ምን ያደርጋል? እኚህ ሰው አለባበስ ያውቃሉ። በዚህ ቆላ፣ እንሽላሊት እንኳ ጥላ ፍለጋ በሚሮጥበት አገር፣ እሳቸው ጥቁር ኮታቸውን እስከ ላይ ቆልፈው፣ ከረባታቸውን አጥብቀው ነው የሚውሉት። አንድ ቀን አውልቀው አይተናቸው አናውቅም። እኔ ገና ከሩቅ ሳያቸው ያልበኛል። የሚኪያስ ደብዳቤ እዚህ በገባ ማግስት ታዲያ... በአጭር እጅጌ ሸሚዝ ብቅ አሉልሽ! ወላሂ! ክንዳቸውን አየነው። ባለ ባጃጁ ሳይቀር ሞተሩን አጥፍቶ አየ። ለካ እንደኛው ክንድ አላቸው!

እኔማ አሟቸው መስሎኝ ዱዓ ላደርግላቸው ነበር። ኋላ ነው ዘበኛው ሷሊሕ የነገረኝ። ደብዳቤውን ደጋግመው አነበቡት አለኝ፤ ቀና ብለው መስኮቱ መስታወት ላይ ራሳቸውን አዩ፣ ቆመው ትንሽ ተራመዱ፣ ተመልሰው ተቀመጡ፣ ኮቱን አወለቁና "ማነው ይሄን ያስጻፈው?" አሉ። ወፍ እኮ ነው፣ አስክዬ! ወፍ!

ግን አልፈርድባቸውም። እኛ አገር ሰው ነገርን በቀጥታ ይሰማል? ያሳደጉን እንዲህ ነው። ጎረቤቴ "ዶሮሽ እንዴት ወፍራለች!" ካለችኝ፣ ያሰጣሁትን ማሽላ ጨረሰችብኝ ማለቷ ነው ብዬ ዶሮዬን ሮጬ አስገባለሁ። አንቺ ራስሽ፣ "ዛሬስ አምሮብሻል" ስልሽ ቀሚስሽ ኋላው ተቀዶ እንደሆን ዞረሽ ታዪ የለም? ልጆች ግን ገና አልደረሱበትም። ፔንግዊን ካሉ ፔንግዊን ማለታቸው ነው። እሳቸው ደግሞ ጆሯቸው ጥሩ ነው፣ ማሻአላህ፣ ያልተባለውን ሁሉ ይሰማሉ። ሌላው አገር ሕዝብ ተሰልፎ ጮሆ የሚሰማው ያጣል፤ እኛን ግን ዝም ብለን ተቀምጠን ሰሙን። እንዲህ ያለ ኃላፊ ከየት ይገኛል?

ይሄ ምኑ ተነካ? ስለ ፍሪጁ ልንገርሽ። የወጣት ማዕከሉ ፍሪጅ ትዝ ይልሻል? ልጆቹ ቀዝቃዛ ውሃና ጭማቂ የሚሸጡበት? ተበላሽቷል፣ ለጥገና ሸዋ ሮቢት ወርዷል ተብሎ አልነበር? እኛም አሜን ብለን ተቀበልን፤ ቀዝቃዛ ውሃ አማረኝ ብሎ የሞተ የለም። በኋላ የጎረቤቴ ልጅ ነጅሙዲን ስለ ዓለም በረዶ ጻፈ። "ክቡር ሆይ፣ የዓለም ቅዝቃዜ የሁሉም ሰው ሀብት ነው። ከቦታው ከጠፋ ግን ሁላችንም በሙቀት እናልቃለን። እባክዎ ሳይረፍድ ወደ ቦታው ይመለስ።" ምን ልበልሽ! ልጁ ስለ ዓለም ጫፍ ነው የሚያወራው። ስለ ፍሪጅ ሕልምም የለው።

ደብዳቤው በገባ በሳምንቱ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አንድ የአህያ ጋሪ ከተፍ። ላዩ ላይ ፍሪጁ ቆሟል፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ! በዚህ ሙቀት ብርድ ልብስ! ፍሪጅ ይበርደዋል እንዴ? አህያዋ ራሷ ያፈረች ነው የምትመስለው። እኔ ሽንኩርቴን ትቼ ቆሜ አየሁ። ከሸዋ ሮቢት የሚመጣ ዕቃ በአስፋልቱ በኩል ይመጣል ብዬ ስጠብቅ... ከታች፣ ኮት የሚለብስ ሰው ከሚኖርበት ከማንጎው ሰፈር ነው የመጣ። ከማን ግቢ እንደወጣ እኔ ምን አውቄ። ጥገና ቤት እዚያ ሰፈር መከፈቱን ሳልሰማ ቀርቼ ነው እንጂ። ልጆቹ ሲከፍቱት ውስጡ ገና ቀዝቃዛ ነው፣ ግማሽ ሐብሐብ በሳህን ተቀምጧል፣ ጎኑ ላይ ማንኪያ። አየሽ ደግነት? ጠግኖ፣ ሐብሐብ ጨምሮ የሚመልስ ጥገና ቤት አይተሽ ታውቂያለሽ? ልጆቹ ሐብሐቡን እዚያው ጨረሱት። ማንኪያዋን ግን በአደራ አስቀምጠዋል፣ ባለቤቷ ቢመጣ ይሰጡታል። እስካሁን አልመጣም።

ልብ አድርጊ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ፍሪጁ የት እንዳለ ያወቀም የጠየቀም አልነበረም። ነጅሙዲን እንኳ ሐብሐቡን እየበላ "ዛሬ ምን ተገኘ?" ይላል።

ከዚያ በኋላ አገሩ ነቃ። አይነቃም ታዲያ? ሰው ቢሮ ለቢሮ ተንከራቶ፣ ማመልከቻ አስገብቶ፣ ነገ ና፣ ከነገ ወዲያ ና ተብሎ ያላገኘውን፣ ወፍና በረዶ አስገኙት። ትልልቁ ሰው ሁሉ ወደ መምህር ፍፁም ይጎርፍ ጀመር። ጋሽ ዘውዴን ታውቂያቸው የለም? የሽንኩርት ማሳቸው ደርቆባቸው፣ የመስኖው ቦይ ውሃ አልወርድ ብሏቸው፣ ወንዙ ነጥፎ ይሆናል እያሉ ተቀምጠው ነበር። አንድ ቀን ከዘራቸውን ይዘው መምህሩ ቤት ሄዱ። "ልጄ፣ በዓለም ላይ ውሃ የሚሄድበት መንገድ ተዘግቶ ያውቃል ወይ?" አሉት። መምህሩ ደስ ሲለው! ሽማግሌ ጂኦግራፊ ሊማሩ መጡ ብሎ ወንበር አወጣላቸው። በረሃ መሀል የተቆፈረ ትልቅ ቦይ እንዳለ፣ አንድ መርከብ እላዩ ላይ በጎኑ ተጋድሞ ዘግቶት እንደነበር፣ የዓለም ገበያ እንደተናጋ ነገራቸው። ጋሽ ዘውዴም "አገኘሁት!" ብለው የልጅ ልጃቸውን ሳምራዊትን ሮጠው አስጻፏት። "ክቡር ሆይ፣ አንድ ትልቅ ነገር ቦዩ ላይ ተጋድሞ ስንቱን ሰው አስራበ" ብላ ጻፈች።

በማግስቱ ውሃው መጣ! ሽማግሌው ወደ ላይ ወጥተው ቢያዩ ቦዩን ዘግቶ የነበረው አሸዋ የተሞላ ማዳበሪያ ነው፣ ተነስቶ ዳር ተከምሯል። ውሃውን ወዴት አዙሮት ነበር ብትዪ... ተይው። ማንጎም ይጠማዋል። ፍጥረት ነው። ጋሽ ዘውዴ ግን እስከዛሬ "ያቺ መርከብ ትባረክ" ይላሉ።

መምህር ፍፁም ደግሞ ምንም አልገባውም፣ የዋህ! ደረቱን ነፍቶ "ማሳመን ይሏል እንዲህ ነው! ተማሪዎቼ የአገላለጽ ችሎታ አላቸው!" እያለ ይንጎራደዳል። ኮቱን ሲያወልቁ ፔንግዊን አሳዘናቸው አለ። ፍሪጁ ሲመጣ ስለ ዓለም ሙቀት ግንዛቤ ተፈጠረ አለ። እኔስ ደስታውን ለምን አበላሽበታለሁ?

ምን? ድምፄን? ኸረ ተይኝ እስቲ፣ ምስጋና በሹክሹክታ አይሆንም። ከውስጥ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሽ? ሙቀቱ ነው፣ እንጨት በሙቀት እንዲህ ያደርጋል። በተለይ ክብደት የሚችል እንጨት።

እንግዲህ የኔዋ ልጅ ጋ መጣሁልሽ። ሲሃም ማንም ምንም አላላትም። እኔም ብትዪ ሽንኩርት ስለቅም ነው የምውለው፣ ምን ጊዜ አለኝ? ልጅቷ ግን ያን ፍጥረት ከልቧ ወደደችው። መጽሐፉ ላይ ሥዕሉን አይታ "እማ፣ ልጁን ጡት ያጠባል እኮ! እማ፣ እርስ በርሱ ይዘፋፈናል እኮ!" እያለች ማታ ማታ አላስተኛ አለችኝ። አንድ ቀንማ "እማ፣ ሊያልቁ ነው" ብላ አለቀሰች። ለማታውቀው፣ ለማታየው ፍጥረት! ይሄን ልብ ይዛ ነው የተወለደችው፣ እኔ ከየት አመጣሁላት አላውቅም። ከዚያ ቁጭ ብላ በቆንጆ ጽሑፏ ጻፈች። ስሚ እስቲ፣ ሙሉውን ልበልልሽ፣ በቃሌ ነው፦

"ክቡር ሆይ፣ ዓሣ ነባሪ በዓለም ላይ ካሉ ፍጥረታት ሁሉ ትልቁ ነው። አፉን ሲከፍት ብዙ ውሃ ይገባል። ምግቡን አያኝክም፣ ይውጣል። ለመተንፈስ ያህል አልፎ አልፎ ብቅ ይልና ተመልሶ ይጠልቃል፣ ስለዚህ ሰዎች ብዙ ጊዜ አያዩትም። ዘሩ እየጠፋ ስለሆነ እባክዎ ይጠብቁልን። አክባሪዎ ሲሃም።"

አለቀ። ይሄ ስድብ ነው? አንቺ ፈራጅ ሁኚ። አክባሪዎ ያለች ልጅ ትሳደባለች? እውነት ነው፣ እዚህ በር ላይ የሚጠብቅ ሰው አንዳንድ ጊዜ ሳያያቸው ይውላል... አልፎ አልፎ ብቅ ብለው ይመለሳሉ... ግን ሥራ ስለሚበዛባቸው ነው እንጂ! ማን ከዓሣ ጋር አገናኛቸው? ልጄ እንደሆነች በአካል እንኳ አይታቸው አታውቅም። ያየቻቸው በተጠራች ቀን ነው፤ ቤት ስትመጣ ምን አለችኝ መሰለሽ? "እማ፣ ትልቅ ናቸው።" በቃ፣ ይሄን ብቻ። አክብራ ነው።

ተጠራችና ሄደች። እዚህ፣ እዚሁ በር ላይ አቁመው "እውነቱን ተናገሪ፣ ከጀርባሽ ያለው ማነው?" አሏት። እሷም ዞር ብላ አሰበችና "ነጅሙዲን ነው" አለች። ክፍል ውስጥ ከኋላዋ የሚቀመጠው እሱ ነዋ! ነጅሙዲንም ተጠራ። "አንተስ ከጀርባህ ማን አለ?" ሲሉት "እኔ የመጨረሻው ረድፍ ነኝ፣ ግድግዳ ነው" አላቸው። ሱብሐነላህ! ሳቄ መጥቶ ሞቼ ነበር፤ የኔዋ ልጅ ጉልበቴ ላይ ተደፍታ እያለቀሰች ባይሆን ኖሮ። ግድግዳውን ስላልጠሩት አመሰግናለሁ። ልጄ ግን "ያስጻፈሽን እስክትናገሪ" ተባለችና ቀረች። ማንን ትናገር? ዓሣውን? ዓሣው ይምጣና ይመስክር?

እኔ የገረመኝ ምን መሰለሽ? ሷሊሕ እንደነገረኝ ደብዳቤው ላይ በቀይ እስክሪብቶ አስምረውበታል። የቱ ላይ? እኔ "ትልቁ" የሚለው ላይ ይሆናል አልኩ። አይደለም። "አያኝክም፣ ይውጣል" የሚለው ላይ? እሱም አይደለም፣ እሱን አልፈውታል፣ ለምደውታል መሰለኝ። ያሰመሩት "ብዙ ውሃ ይገባል" የሚለው ላይ ነው።

ውሃ... ውሃ ምን አደረገ?

እንግዲህ እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፣ ምን ቆርጦኝ እመራመራለሁ። ይኸው ፊት ለፊታችን ያለው ቦኖ ከፋሲካችሁ ወዲህ ጠብ ብሎ አያውቅም። ፓምፑ ተቃጥሏል ተባልን፣ አመንን። ጄሪካናችንን በአህያ ጭነን ወንዝ እንወርዳለን፣ አመንን። ከታች ማንጎው ሰፈር ደግሞ አንድ ግቢ አለ፣ አጥሩ ሥር ሣሩ ለምልሞ እንቁራሪት ይጮሃል። በሰኔ ሙቀት እንቁራሪት! እኔም በዚያ ሳልፍ "የአላህ ሥራ" እያልኩ ነበር የማልፈው። ወላሂ ሌላ ነገር አላሰብኩም። የማስብ ሰው አይደለሁም። አሁን ግን አንድ ትልቅ ሰው "ብዙ ውሃ" የሚል ቃል ሲያዩ እንዲህ ከተቆጡ... ምን ይሆን ያስቆጣቸው ብዬ ማሰብ ጀመርኩ፣ ሥራ ፈትቼ አግዳሚ ላይ ስቀመጥ። አንቺም እያሰብሽ ነው አይደል? አታስቢ። ፓምፑ ነው።

እኔማ ሌላው ነው ያስጨነቀኝ። ሲሃም ፈተናው ካለፋት፣ ክረምቱን ሙሉ ሥራ ፈት መሆኗ ነው። እጇ ደግሞ አያርፍም፣ ትጽፋለች። እስካሁን የጻፈችው ስለ አንድ እንስሳ ብቻ ነው፤ ዓለም ላይ እንስሳ ስንት አለ? የሰባተኛ ክፍሎቹም ጀምረዋል አሉ። አንዱ ስለ ሳተላይት ሊጽፍ ነው። እሱ ደግሞ ምንድን ነው ስለው፣ ሰማይ ላይ ሆኖ ሁሉን ያያል አለኝ። ቤቱን፣ መንገዱን፣ የማንጎውን ዛፍ... ከመሬት ሥር የተቀበረ ቧንቧ ሳይቀር ያሳያል ይላል ልጁ። እውነቱን ይሁን ውሸቱን እኔ አላውቅም። የልጅ ነገር ነው። ግን እየጻፈ ነው።

...ሰማሽ? የእጅ ደወሉ ነው። ሷሊሕን ጠሩት።

ተይ ተይ፣ አትዪ፣ ወደ ፊትሽ ተመልከቺ። ገባ... ምን ይዞ ወጣ? ያ ትልቁ የቧንቧ መፍቻ አይደለም? ሷሊሕ! ምነው በዚህ ፀሐይ ወዴት ትሮጣለህ? ...አይመልስም፣ ቸኩሏል። ወዴት ታጠፈ? ወደ ታች? ወደ ማንጎው? አጀብ። ፓምፑ ያለው እኮ በላይ በኩል ነው። ዝም በይ እንጂ አስክዬ፣ ሻሽሽን አፍሽ ውስጥ አትክተቺ፣ ሰው ያያል።

እስቲ ስለ አራሷ ሌላ ንገሪኝ። ምን በላች? ገንፎው ተስማማት? ...ጥሩ። ልጁስ ይተኛል? ...ኸረ በስማም አትበይ፣ ምን ሰማሽ? የምን ጩኸት ነው? ማነች የምትጮኸው? "መጣ! መጣ!" ነው የምትል? ውሃ? ቦኖው? ያ ረቢ! እዪ፣ እዪ፣ ልጆቹ ጭንቅላታቸውን ከነዩኒፎርማቸው ሥሩ ከተቱ! አህያዋም ደረሰች! አልሐምዱሊላህ! አንድ ሰው የጄሪካኔን ቦታ ይያዝልኝ! አየሽ፣ ፓምፕ ያለ መብራት ራሱን በራሱ ሲያድን? ስለ ባሕር በተጻፈ ደብዳቤ ቦኖ ሲፈስ አይተሽ ታውቂያለሽ? መምህር ፍፁም ይሄን ቢያይ ግንዛቤ ተፈጠረ ብሎ ያለቅሳል።

ቆይ... ቆይ፣ እጅ ወጣ። ከበሩ። እጅ ብቻ ነው። ወረቀት ይዟል። እኔን ነው? አቤት! መጣሁ፣ መጣሁ ጌታዬ! ኸረ አይነሱ፣ አይድከሙ፣ እኔ እቀበላለሁ! ...ያዢልኝ አስክዬ፣ አንብቢልኝ። ማኅተም አለው? ክቡ ማኅተም ነው? ምን ይላል? "ተማሪ ሲሃም... ጉዳዩ ተጣርቶ... ዛሬውኑ ወደ ክፍሏ እንድትመለስና ለፈተና እንድትቀመጥ..." በድጋሚ በይው። "ለፈተና እንድትቀመጥ።" ልጄ! ልጄን! ...ተይኝ፣ አላለቀስኩም፣ ላብ ነው። በዚህ ሙቀት ላብ ዓይን ይገባል።

በቃ፣ ልሂድ። ልጄ ግድግዳ ተደግፋ እየጠበቀችኝ ነው። ግን ሳልመርቅማ አልሄድም! ውለታ ተቀብሎ ዝም ብሎ መሄድ ነውር ነው። እጅሽን ዘርጊ፣ አንቺም በእምነትሽ አብረሽኝ በይ።

አላህ ጤናቸውን ይስጥልን። የጠጡትን ውሃ ሁሉ፣ ከፋሲካ ጀምሮ የጠጡትን ጭምር፣ አላህ ጤና ያድርግላቸው። ጆሯቸውን አያሳጣን። ማንጎውን ከነእንቁራሪቱ ይባርክላቸው። ልጄ ለዚያ ፍጥረት እንደለመነችለት ለእሳቸውም አላህ ጠባቂ ይላክላቸው፣ እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር በዓለም ላይ ጥቂት ነው የቀረው። የዛሬ ልጆች አድገው እዚህ ወንበር ላይ ሲቀመጡ እያዩ ያርጁ። እንደሳቸው ያለውን ደግሞ... አላህ ሁለተኛ አያሳየን!

አሜን በይ እንጂ አስክዬ። ጮክ ብለሽ፣ በሩ እኮ ክፍት ነው።